በጋሼ ስም

የመኪና ግቢው ሰው ሁሉ ቀጮ ይለዋል። የከሳው ካገባ በኋላ ስለሆነ ጓደኞቹ ጥፋቱን ሚስቱ ላይ ይለጥፉታል። «ምነው፣ እቤት እሳት አይነድም እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ሚስቱ ድንች ቀቅላ፣ ሩዝ አለስልሳ፣ ቅመም የሚባል ነገር ከቤቷ አባርራ የምትኖር ሴት መሆኗን አይነግራቸውም። ደግማችሁ ብትጠይቁት «ሲፈጥረኝ ነው» ብሎ ያልፋችኋል።

ውሸቱን ነው። ቀጮ የአንጀት ቁስለት አለበት። ሐኪሙ «ይሄ በሽታ አይገልህም፣ አይለቅህምም፤ ተስማምታችሁ መኖር ነው» ብሎታል። ቀጮ በበኩሉ ተስማምቷል፤ በሽታውን ግን ማን ይምከረው? ደህና ሰንብቶ ሰንብቶ አንድ ቀን መሪ ላይ እንዳለ ከእምብርቱ በታች እንደ ታጠበ ልብስ ይጨመቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ አንድ ዘፈን አያስጨርስም። ያቃጥላል፣ ደም ይቀላቅላል፣ ሄደ ሲሉት ይመለሳል። ተሳቢ ሙሉ ሲሚንቶ እየጎተተ ዳገት ወገብ ላይ እንዲህ ያለ ጌታ የጠራው ሰው ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል።

ስለዚህ ቀጮ መንገዱን የሚያውቀው እንደ ሌላው ሹፌር አይደለም። ሌላው ጠመዝማዛውን፣ ትራፊክ ፖሊስ የሚደበቅበትን ዛፍ፣ ምግቡ የሚጥመውን ቤት ያውቃል። ቀጮ ቁጥቋጦውን ያውቃል። የትኛው ማደያ ሽንት ቤቱን እንደሚቆልፍ፣ ቁልፉ በማን ኪስ እንደሚውል፣ የትኛው ድልድይ ሥር ሰው ዝር እንደማይል ጠንቅቆ ያውቃል። ከመቀመጫው ጀርባ ሶፍት፣ ውሃ የሞላ ጀሪካንና አንድ ትርፍ ሱሪ ሸጉጧል። መኪና የሚነዳው ባዶ ሆዱን ነው።

ለምን ደበቀ ብትሉ ምክንያት አለው። ከእሱ በፊት የስኳር በሽታ እንዳለበት አፉን ከፍቶ የተናገረ አንድ ሹፌር ነበር። ድርጅቱ «ለራስህ ጤና ስንል» ብሎ ከመንገድ አወረደው። ዛሬ ያ ሰው ግቢ ውስጥ የውሃ ጎማ ይዞ የሌሎችን መኪና ያጥባል፤ የቀድሞ መኪናውን ሲያጥብ ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ይቆይበታል። ቀጮ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ዓይኑን ይሰብራል። ሚስት አለው፣ የሚማሩ ልጆች አሉት፣ ከመንዳት በቀር እጁ የለመደው ሥራ የለም። ሆድ ይፍጀው አለና ዝም አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ጠፍቶት አይደለም፤ እሱ መድኃኒቱን አግኝቷል፣ በየቀኑ ይውጠዋል፣ ያጣው የሚቆምበት ምክንያት ነው።

ምክንያቱን ያገኘው ጋሼ ላይ ነው።

ድርጅቱ ረጅሙን መንገድ የሚያስነዳው ሁለት ሁለት ሹፌር መድቦ ነው፤ አንዱ ሲነዳ ሌላው ያርፋል። የቀጮ ጓደኛ ሆነው የተመደቡት ጋሼ ነበሩ። ፀጉራቸው ነጭ፣ እጃቸው ሰፊ፣ መሪ ሲይዙ ሕፃን ያቀፉ የሚመስሉ ሰው። ሰውን በክፉ አይጠረጥሩም። መንገድ ላይ የሚሰድባቸውን ሹፌር እንኳ «የቸኮለበት ጉዳይ ይኖራል» ብለው ያሳልፉታል። አንድ ቅምጥልነት ብቻ ነበረቻቸው፤ ኮዳቸው። ልብስ ሰፊ የሆነችው ልጃቸው ወፍራም ጨርቅ ሰፍታ አልብሳላቸዋለች። ጨርቁን ውሃ ነክረው ከመስኮቱ ውጭ ያንጠለጥሏታል፤ ቆላ ሲወርዱ ነፋሱ እየመታት ውሃው ይቀዘቅዛል። ያን ውሃ ቀኑን ሙሉ ጎንጨት እያሉ «እህ» ይላሉ። ያችን «እህ» ቀጮ ወዷት ነበር።

መጀመሪያ አብረው የወጡ ዕለት ዳገቱ ጫፍ ሳይደርሱ ሆዱ ተነሳበት። ጋሼ ኮዳቸውን እየጎነጩ ነበር። ቀጮ ሳያስበው ቃሉ ከአፉ አፈትልኮ ወጣ። «ጋሼ፣ ላቁምልዎት እንዴ? መንገዱ ረጅም ነው፣ እንዳይዝዎት።»

ጋሼ ዞር ብለው አዩት። ደስ አላቸው። «እስቲ ካልክ አቁም» አሉ። እንግዲህ በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ሽንት መጣብዎት ወይ ተብሎ ሲጠየቅ መምጣቱ አይቀርም። ወረዱ። ቀጮም «ከቆምንማ እኔም» ብሎ ወደ ቁጥቋጦው ፈጠነ። ሲመለስ ጋሼ ጎማውን በእግራቸው መታ መታ እያደረጉ ይጠብቁታል። «ጥሩ ልጅ ነህ፣ አሳዳጊህ ይባረክ» አሉት።

ነገሩ እንዲህ እንደ ቀልድ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሆዱ በተነሳ ቁጥር «ጋሼ፣ ላቁምልዎት?» ሆነ። ተራው የጋሼ ሲሆን ደግሞ «ጋሼ፣ እዚያች ጋ ጥግ ይያዙ፣ ረፍት ይውሰዱ» ይላቸዋል። ሽማግሌን ማክበር የሚያስወቅስ ነገር አይደለም። ማንም ያየው ቢሆን ኖሮ እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው ይል ነበር። ይሄ ነው የሚያሳፍረው። ቀጮ የሰረቀው አክብሮት እየመሰለ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ስምሪቱ አስጠራው። ስምሪት የሚሉት መኪናዎቹን የሚያሰማራውን ኃላፊ ነው፤ ወጣት ነው፣ ጫማው አቧራ አያውቅም፣ ከጠረጴዛው ላይ ቀና ሳይል የመኪናዎቹን መንገድ በኮምፒዩተር ያያል። ስክሪኑን ወደ ቀጮ አዞረው። በመስመሩ ላይ ቀይ ነጠብጣቦች ተዘርተዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለው። «መኪና ነው የምትነዳው አውቶቡስ? በየቁጥቋጦው ትቆማለህ።»

ቀጮ ዓይኑን ከስክሪኑ አነሳ። ከመስኮቱ ውጭ ያ ሰውዬ የውሃ ጎማውን እየጎተተ ነው።

«ጋሼ ናቸው» አለ። «ሽማግሌ አይደሉ? ሽንታቸው አያስቀምጣቸውም። እምቢ እንዴት ልበላቸው?»

ስምሪቱ ሳቀ። «ፌርማታ በለኛ» አለ። ስሙ በዚያው ወጣ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግቢው በሙሉ ጋሼን ከኋላቸው ፌርማታ ይላቸው ጀመር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏችኋል ይሄ ነው። ቀጮም አብሮ ሳቀ።

ስምሪቱ ግን በሳቅ አልተወውም። ሌላ ቀን ጋሼን ለብቻቸው ጠርቶ «ወይ መቆሙን ይቀንሱ፣ ወይ በር ጠባቂነት እንመድብዎታለን» አላቸው። ጋሼ ለቀጮ ይሄን አልነገሩትም። ቀጮ የሰማው ከቢሮው ጸሐፊ ነው። ቀጥሎ በወጡ ጊዜ ኮዳዋ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥላለች፤ ጋሼ ግን አላወረዷትም። ቆላው እንደ ምጣድ ግሏል። ከንፈራቸውን በምላሳቸው እያራሱ ተቀመጡ። ግቢ ሲመለሱ ኮዳዋን ገልብጠው ውሃውን አበባው ሥር አፈሰሱት። ቀጮ አየ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር ባያስለቅስ ኖሮ የሚያስቅ ነበር። ሆዱ ይነሳና ቀጮ «ጋሼ፣ ላቁምልዎት?» ይላል። ጋሼ በኩራት «ዛሬ ደህና ነኝ ልጄ፣ ንዳ» ይላሉ። ቀጮ ላብ በላብ ሆኖ «ኧረ አይያዙት ጋሼ፣ መያዝ ጥሩ አይደለም» ብሎ ያቆማል። ጋሼ ግራ ገብቷቸው ይወርዳሉ፣ ጎማው ጀርባ ይቆማሉ፣ የሚወጣ ነገር ግን የለም። እኔ ያላወቅሁትን ልጁ አውቆብኛል ማለት ነው ብለው ያስባሉ፤ በማግስቱ ጭራሽ ውሃ አይቀምሱም።

አንድ ቀን ብቻ ቀጮ ሞከረ። የጋሼ ከንፈር ተሰነጣጥቆ ደም አቁሮ ነበር። «ጋሼ፣ ውሃ ይጠጡ እንጂ» አለ።

«አሁንስ አንተን ማስቸገር ይበቃኛል» አሉት። «ብጠጣ ታቆማለህ፣ ብታቆም ስምሪቱ አንተን ነው የሚጠይቅህ። ጥም ይቻላል።»

እዚያ ላይ መናገር ነበረበት። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። «ጋሼ፣ የምንቆመው ለእኔ ነው» ማለት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ግን የውሃ ጎማው ታየው፣ የልጆቹ የደንብ ልብስ ታየው። ሬዲዮውን ከፈተ።

ጋሼ የወደቁት ቀትር ላይ፣ ቆላው መሐል፣ በቀጮ ተራ ነው። ጎናቸውን ይዘው አቃሰቱ፣ ከዚያ ፊታቸው አመድ መሰለና ወደ በሩ ዘመሙ። ቀጮ መኪናውን ጥግ አስይዞ ደገፋቸው። ገላቸው ይፋጃል፣ ላብ ግን የለም። በእጁ ይዟቸው ሳለ የመጣችበት የመጀመሪያ ሐሳብ ይቺ ነበረች፦ ከእንግዲህ በማን ስም እቆማለሁ? ይቺን ሐሳብ በኋላ ለማንም አልተናገራትም። ሌሊት ሌሊት ከእንቅልፉ የምታባንነው ግን እሷ ናት።

ሆስፒታል አድርሷቸው እቤቱ ገባ። ሚስቱ ድንች እየላጠች ነበር። ጋሼ ምን ሆኑ ብላ ጠየቀችው። ኩላሊታቸው ውሃ አጥቶ ተጎድቷል፣ ጠጠርም ይዟል አላት።

«እንዴት ውሃ ያጣል? ያቺን የመሰለች ኮዳ ይዘው?»

ሚስቱ ዝምታውን ከድንቹ ይበልጥ መላጥ ታውቅበታለች። ትንሽ በትንሽ አወጣችው። ሲጨርስ ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ በሽታህን ደብቄልሃለሁ» አለች። «እናቴ እንኳ ስትጠይቀኝ ደብቄልሃለሁ። ይሄን ግን አልደብቅልህም። እሳቸው እኮ ሰው ናቸው፣ የመኪና መለዋወጫ አይደሉም።»

«ከሥራ ቢያወርዱኝስ?»

«አብረን እንወርዳለን» አለችና ድንቹን መላጥ ቀጠለች።

ያም ሆኖ ሊናገር አልሄደም። ዛሬ ነገ ሲል ስምሪቱ ጎረምሳ ሹፌር መድቦለት «በል እንግዲህ ፌርማታ ከሌለ በሰዓቱ ትደርሳለህ» አለው። ለጋሼ የበር ጠባቂው ወንበር ተዘጋጅቷል። ያን ዕለት የጋሼ ልጅ ደወለች። ድምፅዋ አልቋል።

«ወንድሜ፣ እባክህ ና» አለችው። «ሐኪሙ ካልጠጣ ኩላሊቱ ያቆማል ብሏል። አባባ ግን አይጠጣም። ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው ደግፎ ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ ሰው አላስቸግርም ይላል። ብለምን፣ ባለቅስ አይሰማኝም። አንተን ይሰማሃል። ከልጅ በላይ ነው ይልሃል።»

ከልጅ በላይ። ቀጮ ስልኩን ዘግቶ ግድግዳውን ተደገፈ።

ክፍሉ ስድስት አልጋ ያለው ነው። ጋሼ መስኮቱ ሥር ተኝተዋል። እነዚያ ሰፋፊ እጆች ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግተዋል፣ ግሉኮስ አንዱ ላይ ይንጠባጠባል። አጠገባቸው ጠረጴዛ ላይ ውሃ የሞላ ጆግና አፉ ያልተነካ ብርጭቆ አለ። ልጃቸው ወንበሯን ለቀቀችለት።

«ጋሼ፣ ይጠጡ» አለ።

«እጠጣለሁ፣ ኋላ። ና ቁጭ በል» አሉት። «ሰው ሲተኛ ያስባል። ይቅርታ ልጠይቅህ አስቤ ነበር።»

«ለምኑ ጋሼ?»

«ያን ሁሉ መንገድ ስላስቆምኩህ ነዋ። ሌላ ቢሆን ይሰድበኝ ነበር። አንተ አንድ ቀን ፊትህን አላጠቆርክብኝም። እንዳላፍር ብለህ አብረኸኝ ትወርዳለህ፣ እንዳልቸኩል ብለህ ቁጥቋጦው ውስጥ ትቆይልኛለህ። ያላየሁ እንዳይመስልህ። እግዜር ይስጥህ።»

ልጃቸው ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ቀጮ የመጣው ውሃ አጠጥቶ ሊመለስ ነበር። መንገድ ላይ ያሰበው ያንን ነው፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል ብሎ። አሁን ግን ሽማግሌው ይቅርታ ሲጠይቁት አንድ ነገር ደረቱ ላይ ተበጠሰ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አላስቆሙኝም» አለ።

«እንዴት?»

«የታመምኩት እኔ ነኝ። አንጀቴን። ዓመታት ሆኖኛል። ሲመጣ አያስቀምጠኝም። የቆምነው ሁሉ ለእኔ ነው። ስምሪቱ ሲጠይቀኝ ጋሼ ናቸው አልኩት። እርስዎ ምንም የለብዎትም ጋሼ፣ ምንም አልነበረብዎትም።»

የጎረቤት አልጋ ጠያቂዎች ወሬያቸውን አቆሙ። ጋሼ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ብርጭቆውን አነሱና ጠጡት። ልጃቸው ደግማ ቀዳች፣ ደግመው ጠጡ። ያቺ «እህ» አልመጣችም።

«ከንፈሬ ሲሰነጠቅ አይተሃል?» አሉ።

«አይቻለሁ።»

«ውሃውን አበባው ላይ ስደፋው?»

«አይቻለሁ ጋሼ።»

«በጣም ጠምቶኝ ነበር እኮ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚነግሩ ሁሉ። ብርጭቆውን በመዳፋቸው መሐል አዞሩት። «ችግርህን ብትነግረኝ እኔው በእኔ ስም ቁም እልህ ነበር። ስሜ ምን ይሠራልኛል በዚህ ዕድሜ? ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር። ሳትጠይቀኝ ወሰድከው እንጂ።»

ቀጮን ቢመቱት ይሻለው ነበር።

«ለስምሪቱ ደውል» አሉት። «አሁን። ድምፁን ከፍ አድርገው፣ እኔም ልስማ።»

ስልኩን አወጣ። ስምሪቱ አነሳው፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። «አቤት ቀጮ፣ ፌርማታ እንዴት ሆነ? ተሻለው?»

ጋሼ ቅንድባቸውን አነሱ። «ፌርማታ ማነው?» አሉ ቀስ ብለው።

ልጃቸውም ቀጮን አየችው። እስከዚያች ደቂቃ ስሙ ጋሼ ጆሮ አልደረሰም ነበር።

«እርስዎን ነው የሚሉት» አለ ቀጮ፣ ወለሉን እያየ። «እኔ ነኝ ያወጣሁልዎት ማለት ይቻላል።» ከዚያ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ ሁሉንም ተናገረ። በሽታውን፣ ነጠብጣቦቹን፣ ውሸቱን። ከስምሪቱ ጀርባ የውሃ ጎማ ሲንፏፏ ይሰማል። በመጨረሻ «ነገ ቁልፉን ይዘህ ቢሮ ና» ብሎ ዘጋ።

ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞረዋል። ቀጮ ይቅር በሉኝ ሊል አፉን ከፈተ፤ ያን ጊዜ ሆዱ ተጨመቀ። የለመደው ነው፣ ጊዜ የማይሰጠው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ወንበሩን ጨብጦ ቆመ፣ መልሶ ተቀመጠ። እንዲህ ባለ ሰዓት ጥሎ መውጣት ነውር መሰለው።

ጋሼ ሳይዞሩ በመስታወቱ ውስጥ አዩት። ያን ላብ ስንት ጊዜ መሪ ላይ እንዳዩት አሁን ገባቸው።

«መጣብህ?»

«መጣብኝ ጋሼ።»

«ሂድ» አሉ። «ያሁኑን ግን በራስህ ስም ሂድ።»

ኮሪደሩን በፍጥነት ተሻገረ። የሽንት ቤቱ በር ላይ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን አጋድማ ቆማለች።

«ይሄ የታማሚዎች ነው» አለችው። «የጠያቂ ውጭ ነው፣ ግቢውን ዞረህ። ማን ታሞብህ ነው?»

አፉ ልምድ አለው። አንድ ሽማግሌ አባት አሉኝ፣ አያስቀምጣቸውም፣ ቶሎ ልይላቸው የሚለው ቃል ተሰካክቶ ጥርሱ ሥር ደርሷል። ዋጠው።

«ታማሚው እኔ ነኝ» አለ።

«ምንህን?»

«አንጀቴን። ቆይቷል።»

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ታዲያ ምን ቆመህ ታወራለህ፣ ግባ እንጂ» አለችና ባልዲዋን በእግሯ ገፋ አድርጋ አሳለፈችው።